ፍሪጅ ያለው ጋራዥ

ዕድሜ ከሰጠ የማይታይ ነገር የለም፤ ቡልዶዘር የሚጠግን መኪና ፍሪጅ ተገጥሞለት አየሁ። ፍሪጅ ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ጣሪያው ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ተዘርግቶበታል፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል፣ መሳቢያዎቹ ጥቁር ስፖንጅ ተነጥፎባቸው እያንዳንዱ ቁልፍ በቅርጹ ልክ መኝታ ተቆርጦለታል። ሞርሳው የት ታስሯል ብዬ ስጠይቅ ግን ሦስት ጎልማሳ እርስ በርሱ ተያየ።

ባለቤቱ እኔ ሥር ካቻቢቴ በማቀበል ሥራ የጀመረ ልጅ ነው። ዛሬ ኤክስካቫተርና ግሬደር ያከራያል፤ የራሱ ካተርፒላር ዲ8 ዶዘርም አለው። እግዜር ይጨምርለት፣ አልመቀኝም። «ጋሼ፣ ቃሊቲ ተንቀሳቃሽ ጋራዥ አሠርቻለሁ፤ መጥተው ይመርቁልኝ» ብሎ ደወለልኝ። ልጁ የፈለገው ምርቃት ነው። ምርቃት ብቻ ለፈለገ ሰው ግን ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ሞልቶ ነበር።

እንዲህ ያለ መኪና አያስፈልግም አላልኩም። ዲ8 ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ብረት ነው። በሰንሰለት የሚሄድን ነገር አስፋልት ላይ ነድተህ ጋራዥ አታስገባውም፤ ሎውቤድ ትከራያለህ፣ ፈቃድ ታወጣለህ፣ ድልድዩ ይሸከመው እንደሆነ ታጠያይቃለህ፤ ይህ ሁሉ አንዳንዴ ለአንዲት ጎሚኒ ነው። ስለዚህ ጋራዡ በሽተኛው ወዳለበት ይሄዳል። የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዓለም ባንክ ብድርና ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በመጡ መሐንዲሶች ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ መንገድ ባለበት ሁሉ ከማሽኑ ኋላ የሚከተል የጥገና መኪና ነበር። እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው፤ ጃንሆይ ግን ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ።

የኛይቱ ፊያት ኤንትሬ ነበረች። ከኋላ በስተቀኝ ሞርሳ፣ በግራ መሰርሰሪያ፣ ከወለሉ በታች ሰንሰለትና የባሕር ዛፍ ጉማጅ። በጨለማ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ብትዘረጋ የፈለግከው ቁልፍ ላይ ያርፍ ነበር፤ ምክንያቱም ዕቃውን በቦታው ያስቀመጠው ራሱ የሚጠቀምበት ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሶቪየቶች ዚል 131 ላይ ሳጥን ቤት ጭነው የሚሠሩትን የወታደር ወርክሾፕ አየን። እነሱ የክሬኑን ክንድ ከፊት፣ መከላከያው ላይ ያስሩታል። ስናየው ስቀን ነበር። ሞተር ማውጣት ሲመጣ ግን ሾፌሩ በመኪናው አፍንጫ ወደ ማሽኑ ይጠጋል፣ ክሬኑ ያነሳል፣ ከኋላ በያጁና ሞርሳ ላይ ያለው ሰው ሥራቸውን ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ። አስቦ የሠራው ሰው እጁ ዘይት ነክቶት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቃሊቲው ጉድ ልመለስ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከክብደት ነው። መኪናው መካከለኛ አይሱዙ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። የሠሩት ልጆች «ጠንካራ ይሁን» ብለው ሳጥኑን በ4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ገንብተውታል። 4 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር ከ31 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለልና በር ብለህ ስትደምር አንዲት ቁልፍ ሳትጭን አንድ ቶን አልፈሃል። በ2 ሚሊ ቢሠሩት ግማሹ ይቀር ነበር፤ ሳጥኑ ጥይት አይመክትበት! በዚያ ላይ የዘይት በርሜሎቹ አሉ። አንድ 200 ሊትር ዘይት ከነበርሜሉ 200 ኪሎ ይጠጋል፤ የሞተር፣ የሃይድሮሊክ፣ የካምቢዮና የማርሽ ዘይት ብለው አራቱን ደርድረዋል፤ አራቱንም በቀኝ በኩል። በግራ ለምን አልሆነም? በግራ ሶፋ አለ። መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ እንደ ጠጅ ቤት ደንበኛ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ቆሟል።

«ችግር የለም ፋዘር፣ ባሌስትራ እንጨምርበታለን» አለኝ አንዱ፤ ጆሮው ላይ ሽቦ የሌለው ነገር ሰክቷል።

ፋዘር! ባሌስትራ ስትጨምር መኪናው ቀና ይል ይሆናል፤ ፍሬኑ ግን ያው የፋብሪካው ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። በዚህ ጭነት የወረደ ሾፌር ድልድዩ ጋ የሚደርሰው የፍሬን ሸራ ጭስ አስከትሎ ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር፤ ሚዛን ላይ ወጥተው ያውቁ እንደሆነ ብጠይቅ «ቀለሙ ሲደርቅ እናስመዝናለን» አሉ። ሕግ የሚፈቅደውን ክብደት ቀለም ሳይቀባ ማወቅ ሐራም ሆኗል መሰለኝ።

ክሬኑ ላይ በትልቁ «3 ቶን» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ሦስት ቶን ያነሳል ብሎ ኮርቷል። ያነሳል እኮ፤ አጠገቡ ያለውን። 3 ቶን በ2 ሜትር ርቀት የሚያነሳ ክሬን በ6 ሜትር ላይ የሚተርፈው አንድ ቶን ነው፤ ከዚያም ላይ የክንዱ የራሱ ክብደት ይቀነሳል። የኤክስካቫተር ሞተር ደግሞ መጥቶ አጠገብህ አይቆምም። እሱንስ ማሽኑን ተጠግቶ መሥራት ይቻላል እንበል። በክሬኑና በኋላው በር መካከል ግን ኮምፕሬሰሩን አስቀምጠውታል። ክንዱ ወደ ኋላ ሲዞር ከኮምፕሬሰሩ ጭስ ማውጫ ጋር ይጋጫል። «ከዚህ በላይ አይዞርም?» ስላቸው «በዚህኛው በኩል ይዞራል» ብለው ወደ ሾፌሩ ጋቢና አዞሩልኝ። ጋቢና ውስጥ የሚጠገን ዶዘር ካገኙ ይንገሩኝ።

ኮምፕሬሰሩ ራሱ አዲስ ነው፣ ያምራል። ወረቀቱ ላይ በደቂቃ ይህን ያህል ሊትር አየር ይላል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የምንተነፍሰው አየር ክብደቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ኮምፕሬሰሩም ሞተሩም የሚስቡት ይህንኑ ስስ አየር ነው። ጣርማ በር ላይ ሲወጡ ከዚህም ይሳሳል። የሰንሰለት ጫማ ቡሎን የሚፈታው ትልቁ የአየር መፍቻ ደግሞ አየር በሆዱ አይጠግብም። እነዚህ ያሰሩለት ቱቦ ጎማ መንፊያ የሚያህል ቀጭን ነው። ቡሎኑ ሳይነቃነቅ መፍቻው ብቻውን ሲያጉረመርም ይውላል፤ እኔ እንኳን ስነጫነጭ ከዚያ የተሻለ ውጤት አገኛለሁ።

ሞርሳውስ? በመጨረሻ ተገኘ። ሳጥኑ ውስጥ፣ በማዕዘን፣ ሶፋው አጠገብ አስረውታል። እጀታው ግማሽ ዙር ዞሮ ግድግዳ ይነካል። ሁለት ሜትር ቧንቧ ማሰር የፈለገ ሰው የጓደኛውን እግር አብሮ ማሰሩ ነው። የሞርሳ ቦታ የኋላው መከላከያ ላይ ነው፤ በቆመ ሰው ክርን ልክ፣ ዙሪያው ክፍት፣ መሬት ላይ ቆመህ በመዶሻ የምትመታበት። ይህን ያላስተማርኩት ሰው የለም። ዴንቨር ያለው የወንድሜ ልጅ አሜሪካኖቹ የሚሠሩባቸውን የጥገና መኪናዎች ቪዲዮ ይልክልኛል፤ እዚያም ሞርሳው ከኋላ መከላከያው ላይ፣ ክሬኑ ከኋላ ማዕዘን፣ ጋዙ ለብቻው ነው። የኛዎቹም ያንኑ ቪዲዮ አይተዋል። ከቪዲዮው ሰማያዊውን መብራት ቀድተው ሞርሳውን ተዉት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። መሳቢያውን ስቤ ቁልፎቹን አየሁ። ከ8 እስከ 32፣ ጨው የመሰለ አዲስ፣ በመስመር ተኝተዋል። የኢንቹ የት አለ አልኩ። «የምን ኢንች?»

ካተርፒላር የአሜሪካ ማሽን ነው፤ ቡሎኑ በአብዛኛው ኢንች ነው። ኮማትሱ ቢሆን የጃፓን ነው፣ በሚሊ ሜትር ትፈታዋለህ። ዲ8 ያለው ሰው ለዲ8 የሚሆን ቁልፍ ሳይገዛ ፍሪጅ ገዛ! ልጆቹ «19ኙ ይሠራል» አሉ። ለሦስት አራተኛ ኢንች አዎ፣ 19 ይሠራል፤ 24ም 15/16ን እንደምንም ይይዛል። 1 1/8 ኢንች ሲመጣ ምን ልትሆን ነው? 28.6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 28 አይገባም፤ 29 ይገባና ትንሽ ይጫወታል፤ አንድ ሜትር ቱቦ ማራዘሚያ አስገብተህ ሁለት ሰው ሲንጠለጠልበት የቡሎኑን ጭንቅላት ልጦ ይጥለዋል። ከዚያ በያጅ ጥራ፣ ዳዶ በይድበት፣ ቀኑ መሸ። የማሽኑ ኪራይ በሰዓት ነው፤ ኮንትራክተሩ አፍንጫህ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ይህ ሁሉ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ቢዞሩ ሊያገኙት ለሚችሉት የአሮጌ አሜሪካ ቁልፍ ነው። ምናለሽ ተራ ሂዱ ስላቸው ግን ስፖንጁ ላይ የዛገ ነገር አናስተኛም አሉኝ።

ከዚያ የጋዙን ቁም ሳጥን ከፈቱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት አሴቲሊኑ በጀርባው ተኝቶ ነው። አሴቲሊን ሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ሟሙቶ ነው የሚኖረው፤ ተኝቶ ከተከፈተ አሴቶኑ ፈሳሽ ሆኖ በቱቦው ይወጣል። ቀና ብሎ መቆም አለበት። «ቁመቱ በሩን አላስዘጋ አለን» አሉኝ። በሩን ማሳደግ እንጂ ሲሊንደሩን ማስተኛት ምን ይባላል! ወዲያው ዓይኔ ጎኑ ላይ ያለውን ኦክስጅን አየ፤ ከሱ ቀጥሎ የግሪስ ፓምፕ፣ ከፓምፑ ቀጥሎ ዘይት የጠገበ ጨርቅ የታጨቀበት ካርቶን። ሁሉም በአንድ ቁም ሳጥን፣ አየር ማስወጫ ቀዳዳ በሌለው፣ ጎማ በተገጠመለት በር ተዘግተው። እጄን አሻግሬ የኦክስጅኑን ቫልቭ በጣቴ ጠረግኩት። ጣቴ ላይ ቢጫ ግሪስ መጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እንዳይዝግ ብለን ነው ጋሼ።»

እዚያው ከመኪናው ወረድኩ፤ ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። 150 ባር ላይ ያለ ኦክስጅን ዘይት ወይም ግሪስ ሲያገኝ ክብሪት አይጠብቅም፤ ራሱ ይለኮሳል። የኦክስጅን ዕቃ ቅባት በነካው እጅ እንኳ አይነካም። እኛ ዘመን ኮምፒውተር አልነበረም፣ ስፖንጅ አልነበረም፤ ይህን ግን የመጀመሪያ ቀን የገባ ግሪሰር ያውቅ ነበር፤ ካላወቀ የሚያሳውቀው ጥፊ ነበር። ጥፊው ጥሩ ነው አላልኩም። ቫልቩን በደንብ እስኪያጸዱትና ጋዙን ለብቻ እስኪያወጡት ድረስ ከዚያ መኪና አጠገብ ቡና እንኳ አታፍሉ ብዬ ነገርኳቸው።

ስክሪኑንና ኮምፒውተሩን አልነቅፍም። የዛሬ ኤክስካቫተር በሽታውን በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩን የሚያነብ ከሌለ ሞተሩን በግምት ስትበትን ትከርማለህ። ልጆቹ በዚህ ይበልጡኛል፣ ይብለጡኝ። የማሽኑን ኮምፒውተር ግን በብየዳ ያቃጥሉታል። ባልዲውን ሊበይድ የሄደ ልጅ ባትሪውን ሳይነቅል፣ የብየዳውን መሬት ማሽኑ ጭራ ላይ ቆንጥጦ ይጀምራል። ኤሌክትሪኩ ከጭራ እስከ ባልዲ ሲሄድ በኩሽኔታው ያልፋል፣ በሽቦው ያልፋል፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ይጎበኛል። መሬቱን ከምትበይደው አጠገብ ቆንጥጥ፣ ባትሪውን ንቀል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ባትሪ መንቀያው ቁልፍ የት ነው ብዬ ስጠይቅ አሁንም ተያዩ።

የሃይድሮሊክ ቱቦ መጭመቂያ ማሽን መግዛታቸውን ሳይ ግን ደስ አለኝ፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። ቱቦ ፈነዳ ተብሎ ከጋሸና አዲስ አበባ ድረስ ሰው የሚላክበት ጊዜ ቀረ። ደስታዬ የቆየው ከነሱ አንዱ ቀዳዳ የሚፈልግበትን ዘዴ እስኪያሳየኝ ነው፤ መዳፉን ቱቦው ላይ አንሸራተተ። ማሽን ሥራ ላይ ሳለ እዚያ ውስጥ 300 ባር አልፎ የሚሄድ ዘይት አለ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ መጀመሪያ የትንኝ ንክሻ ይመስላል፣ ሐኪም ቤት በጊዜ ካልደረሰ ጣት ያስቆርጣል። በካርቶን ቁራጭ ፈልግ ልጄ፤ ካርቶን የለም እንዳትለኝ፣ የፍሪጁ ካርቶን እዚያ ወድቋል።

ክሪኩ 50 ቶን ያነሳል። ሥሩ የሚነጠፍ እንጨት የለም። ክረምት ላይ መረሬ አፈር ውስጥ የቆመ ማሽን ሥር ክሪክ ስታስገባ ማሽኑ አይነሳም፤ ክሪኩ ይቀበራል። እኛ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ስንሸከም «ማገዶ ሻጮች መጡ» ይሉን ነበር። ይበሉን። መኪናው ጎን ላይ «24 ሰዓት አገልግሎት» ብለው በቢጫ ጽፈዋል፤ ያ ሁሉ መብራት ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ከውጭ አንድ አምፖል የለም። ማሽኑ የሚበላሸው ውጭ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ጨለማ ነው። ለፀሐይና ለዝናብ የሚዘረጋ ሸራም የለም። አፋር ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ የዋለበትን ቁልፍ በባዶ እጁ ያነሳ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

አፋርን ሳነሳ ባለጆሮው ልጅ ዕድል አገኘ። «ታዲያ ፋዘር፣ ፍሪጁ ለዚያ ነው እኮ። አፋር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያጣ መካኒክ ምን ይሠራል?»

መልስ አጣሁ። ፍሪጁን ከፍቼ አየሁ፤ ተራ ውሃ አልነበረውም፤ በአምቦ ውሃና በለስላሳ ተሞልቷል፤ ከላይ አንድ ሳጥን ኬክ አለ፤ ለምረቃው ነው። ኬኩን በላሁ፤ ጥሩ ነበር። ውሃውን ግን አስገቡበት።

ባለቤቱን ለብቻው ወስጄ ነገርኩት። ይህን ዕቃ መደብ በመደብ ማን እንዳቀደው ስጠይቀው፣ ሱቅ ያለው ዘመዱና የቀለም ባለሙያው ናቸው አለኝ። ዶዘሩ ላይ የሚሠራው ግሪሰርስ? «እሱ ሳይት ላይ ነው» አለ። ክረምትና በጋ ማሽኑ ሥር የሚጋደመው ልጅ፣ የትኛው ቡሎን በየስንት ጊዜው እንደሚላላ የሚያውቀው፣ ግሪስ የሚገባበት እያንዳንዱ ቀዳዳ በእጁ ያለ፣ እሱ መኪናውን የሚያየው ቀለሙ ደርቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ሳይት ሲደርስለት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ መኪና ልታሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሰምታችሁ እንደሆነ ልንገራችሁ። ላሜራው ሳይቆረጥ ግሪሰሩን ከሳይት አስመጡት፤ ውሎ አበሉን ክፈሉት፣ ምሳ ጋብዙት፣ ጠመኔ ስጡትና ሞርሳው የት ይሁን፣ በርሜሉ የት ይቁም፣ ጋዙ የት ይለይ በሉት። ወለሉ ላይ እሱ በጠመኔ ካሰመረው መስመር ላይ ብየዳ ጀምሩ። ቀለሙንና መብራቱን ከዚያ በኋላ እንደ ልባችሁ፤ እኔን መጥራትም አያስፈልጋችሁም።